አቶ አትንኩት እና የመጨረሻው ቅጽ

የሰውየው የመታወቂያ ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን አቶ አትንኩት ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። የኮሚክ መጽሐፍ ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ በሩን አልፎ የገባ ሰው ሁሉ፣ ገና «እንደምን ዋልክ» ሳይባባሉ፣ መጀመሪያ የሚሰማው «አትንኩት!» የሚለውን ነበር።

ሱቁ በጫማ ሰፊና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብና ረጅም ክፍል ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ በመደርደሪያው ላይ ታሪካቸውን በሥዕልና በጥቂት ቃላት የሚናገሩ መጻሕፍት፣ ሁሉም በላስቲክ ታሽገው፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እንደተኮራረፈ ቤተሰብ ቆመዋል። አቶ አትንኩት ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ብሩሽ አቧራቸውን ያራግፋል፤ ጥጉ የታጠፈ እንዳለ አንድ በአንድ ያያል፤ ከዚያ በሱቁ ባለችው ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ የሚዘረጋ ሰው ይጠብቃል። ደንበኛው የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል፣ ይቀበላል፣ ይወጣል። አለቀ። ጥሩ ሱቅ ማለት ለእሱ ይኸው ነው፤ ያልታጠፈ ጥግ፣ የተወለወለ ወለል፣ ቶሎ የሚወጣ ሰው።

«ይሄ ሱቅ ነው የሬሳ ክፍል?» ትለዋለች ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት ያላት ታላቅ እህቱ።

«ኮሚክ ነው እታለም። ክብር ያለው ነገር በክብር ይያዛል።»

«ኮሚክስ አንተ ነህ።»

እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት ካለፉ በኋላ ዓይኑ ከዳው። የቀኝ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው፤ የሁለቱን ሥራ ተሸክሞ የኖረው የግራው ነበር። እሱንም ሞራ ጋረደው። አቶ አትንኩት ነገሩን ደብቆ ሊከርም አስቦ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቀን አንዱን ተከታታይ ታሪክ ለምትከታተል ሴት ስምንተኛው ነው ብሎ ሦስተኛውን ቅጽ ሸጠላትና ጉዱ ወጣ። እህቱ ክንዱን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ፤ ሐኪሟ ዓይኑን በፋሻ ሸፍና፣ «ከባድ ነገር አታንሳ፣ አትጎንበስ፤ ከሁሉም በላይ ግን እንዳታሸው። ካሸኸው ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ» አለችው።

ቤት ተኛ ቢባል ማን ሰምቶ! «ግድግዳ ላደምጥ ነው?» ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት ሱቁ ወንበሩ ላይ ተሰየመ። እህቱ ፀጉር ቤቷን ለሠራተኞቿ ትታ ሻጭ ሆነች። የመጀመሪያ ሥራዋ መንገዱን ተሻግሮ አንድ ነገር እየጎተተ መመለስ ነበር።

«ምንድን ነው የሚጎተተው?» አለ አቶ አትንኩት አንገቱን አስግጎ።

«ወንበር።»

«ማን ሊቀመጥበት?»

«መቀመጫ ያለው ሁሉ።»

ሦስት አመጣች። ሦስተኛው አናቱ ላይ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ የተገጠመለት አሮጌ የፀጉር ቤት ወንበር ነበር፤ ይህንን ግን ለወንድሟ አልነገረችውም። ወንበሩን የወደዱት ጡረታ የወጡት ዳኛ ናቸው። እኚህ ሰው ለዓመታት ቆመው፣ ከፍለው፣ ኮፍያቸውን አንስተው የሚሄዱ ጨዋ ደንበኛ ነበሩ፤ የሚገዙትም ወንጀል ስለሚመረምር ዳክዬ የሚተርከውን ብቻ ነው። አሁን ከካስኩ ሥር ተቀምጠው፣ ዳክዬያቸውን ከፍተው፣ በአፍንጫቸው እየሳቁ ማንበብ ጀመሩ።

«ማነው የሚያናፋው?» አለ አቶ አትንኩት።

«ዳኛው ናቸው፤ እየሳቁ ነው።»

«ዳኛው ይስቃሉ?»

በዚሁ ሰሞን አንድ ጥቅል መጣ። ገና ሲዳስሰው አወቀው። ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረው የመጨረሻው ቅጽ ነው። ታሪኩ ውኃ በዋጠው ከተማ ውስጥ ደብዳቤ ስለሚያመላልስ አንድ ፖስተኛና ስለ አሮጊት በቅሎው ነበር። የበቅሎዋ ስም እሜቴ ነው። አቶ አትንኩት በሱቁ ካሉት ሰዎች፣ አውሬዎችና ጀግኖች ሁሉ የሚወደው እሜቴን ነው፤ እንደ ዓይኑ ብሌን፤ እንዲያውም ከዓይኑ አስበልጦ።

«ፋሻው እስኪፈታ ጠብቅ» አለችው እህቱ።

«እስከዚያ ብሞትስ?»

«በዓይን ቀዶ ጥገና ማን ሞቶ ያውቃል? በል እኔ ላንብብልህ።»

«አንቺማ አታነቢም። ባለፈው ‹ሰውዬው ይሮጣል፤ አሁንም ይሮጣል፤ አልደከመውም› ብለሽ ነው አንድ መጽሐፍ የጨረስሽልኝ።»

እየተጨቃጨቁ ሳለ ስምንተኛ ብላ ሦስተኛውን የገዛችው ሴት ገባች። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ከሥራ እንደወጣች የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ነው የምትመጣው። እሷም የፖስተኛውን መጨረሻ ስትጠብቅ የኖረች ናት። አቶ አትንኩት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን ቃል አወጣ።

«ልጄ፣ እስቲ ላስቲኩን ቅደጂው።»

ሾፌሯ በየቀኑ ከሥራ መልስ እየመጣች ታነብለት ጀመር። እያንዳንዱን ሥዕል እንደ ፌርማታ ታስታውቃለች። «ቀጣይ፤ ድልድይ። ዝናብ ነው።»

«ዝናቡ ወዴት ያዘነብላል?»

«ወደ ግራ ጋሼ።»

«እንግዲያው ነፋሱ ከባሕር ነው። ቀስ በይ፤ እሜቴ ጆሮዋን እንዴት አድርጋለች?»

«አንዱን አቁማ አንዱን ጥላለች።»

«ሰግታለች» ይላል አቶ አትንኩት፤ «አውቃታለሁ፤ አንድ ነገር ሸትቷታል።»

ዳኛውም ዳክዬያቸውን አጥፈው ማዳመጥ ያዙ። መድኃኒት ቤቷን የምታስተዳድረው ጎረቤትም በር ላይ ብቅ ብላ ጥቂት ሰማችና «አንድ ለእኔም አስቀምጥልኝ» ብላ ሄደች።

እህቱ ግን መጽሔት ከኋላ ወደፊት የምታነብ ሰው ናት። አንድ ቀን አቶ አትንኩት ወንበሩ ላይ ሸለብ ሲያደርገው መጽሐፉን አነሳችና የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጠች። «ውይ!» አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ወንድሟ ብንን ብሎ።

«መደርደሪያው ጣቴን ቆነጠጠኝ።»

ዳኛውንና ሾፌሯን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ውጭ አወጣቻቸው። ነገሩ ይህ ነው። ድልድዩ ይደረመሳል፤ እሜቴ የደብዳቤውን ቦርሳ በጥርሷ ነክሳ ትዋኝና ለፖስተኛው ታቀብለዋለች፤ ከዚያ ውኃው ይወስዳታል። መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት ገጾች አንድም ቃል የለባቸውም፤ ባዶ ኮርቻ፣ በእግሩ የሚሄድ ፖስተኛ፣ ውኃ።

«ባለፈው ቅጽ እሜቴ አነከሰች ብሎ እራት ሳይበላ ነው ያደረው» አለች እህቱ። «ይሄንን ከሰማ ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ ደግሞ በሁለት እጁ ነው ዓይኑን የሚያሸው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። ሐኪሟ ያለችውን ሰምታችኋል።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ፣ የሐሰት ምስክርነት ግን…»

«ምስክርነት አይደለም ክቡርነትዎ፤ ሕክምና ነው።»

«እኔ እንኳን» አለች ሾፌሯ፣ «ይሄን ያህል ዘመን ስነዳ ድመት ገጭቼ አላውቅም። በቅሎም አልገድልም።»

በማግስቱ የመጨረሻው ንባብ ሆነ። ድልድዩ ተደረመሰ፤ አቶ አትንኩት የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። ሾፌሯ እስከ ቦርሳው ድረስ በትክክል አነበበችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሜቴ… ዋኝታ ወጣች» አለች።

«ተመስገን! ከዚያስ?»

ከዚያማ ሦስት ገጽ ይቀራል። ሾፌሯ ያላሰበችበት መታጠፊያ ነው። «ከዚያ… አረፈች። አንድ ቀን ሙሉ። ማንም ‹ወራጅ አለ፣ አቁሚ፣ በር ክፈቺ› ሳይላት።»

«ማን ነው በቅሎን በር ክፈቺ የሚላት?»

ዳኛው ጣልቃ ገቡ። «ከንቲባው ደግሞ የረጅም ዘመን አገልግሎቷን ተመልክተው ጡረታ ወሰኑላት። ከሙሉ ጥቅማ ጥቅም ጋር።»

«ጡረታ?»

«ጋማዋንም ተሠራች» አለች እህቱ፤ መቼም ዝም ማለት አልሆነላትም።

«ምን ተሠራች?»

«ሹሩባ። እንዴት እንደሚያምርባት ብታይ!»

አቶ አትንኩት የወንበሩን ክንድ ለቀቀ። «ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ለሹሩባ ነው?» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገባውን ሁሉ አስቀምጦ ደራሲውን ያማ ጀመር። «መጀመሪያውን የጻፈና መጨረሻውን የጻፈ አንድ ሰው አይደለም። አእምሮውን ነክቶታል። እንዳትገዙት!» ይላል። የመድኃኒት ቤቷ ጎረቤትም ይህን ሰምታ «እንግዲያው ይቅርብኝ» አለች። እህቱ የምትገባበት አጣች። ዳኛው በካስኩ ሥር ተቁነጠነጡ። «ደራሲው እኮ ሳይጠራና ሳይሰማ ተፈረደበት» አሉ በሹክሹክታ። አቶ አትንኩት በዚያው ዞር ብሎ፣ «ክቡርነትዎ፣ ለመሆኑ ከንቲባው ምን ለብሶ ነበር የተሣለው?» ሲላቸው፣ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው ሆነና፣ «ዛሬ እኮ ሊዘንብ ነው» ብለው ተነሥተው ወጡ።

ፋሻው ተፈታ። ሐኪሟ፣ «ድኗል፤ ከእንግዲህ እንደልብህ» አለችው። አቶ አትንኩት በማግስቱ ሱቁን ብቻውን ከፈተ። መጀመሪያ ያየው ካስኩን ነው። ቀጥሎ መጽሐፉን አነሳ። ጥጉ ታጥፏል። በመካከሉ የአውቶቡስ ትኬት ገብቶበታል። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የፀጉር ቅባት ያለበት አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ጮኾ ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ዐረፈ፤ አፉም እንደተከፈተ ቀረ።

እህቱ ስትገባ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ በሁለት እጁ ዓይኑን እያሸ።

«ሹሩባው የታለ?» አላት።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ…»

«አትማዪ! ዓይን ግንባር ሲሆን ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማውቀው። ሦስታችሁም ፊት ለፊቴ ተቀምጣችሁ ዋሻችሁኝ!»

«ፊትህ መች ነበረ? ፋሻ ነበር እንጂ።»

ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣ አለው። ቀኑን ሙሉ መሪ ስትጠመዝዝ ውላ የደከመች ሴት፣ በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁ ሽማግሌና ይቺ አንደበቷ የማያርፍ እህቱ፣ ለእሱ አንድ ዓይን ብለው ለበቅሎ ጡረታ ሲያስከብሩ ታየው። «ከሙሉ ጥቅማ ጥቅም ጋር» አለና ተንከተከተ።

ወደ ማታ ሾፌሯና ዳኛው መጡ። ዳኛው ኮፍያቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ጥፋተኛ ነኝ። የቅጣት ማቅለያ አለኝ፤ ሐሳቡ የእህትዎ ነው።»

«ይቀመጡ ክቡርነትዎ» አለ አቶ አትንኩት። «ፍርዱ፣ እንደገና ከመጀመሪያው በትክክል እንዲነበብ ነው።»

ሾፌሯ አነበበች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ገጾች ላይ ስትደርስ ምንም ሳትል አንዱን ከአንዱ ቀስ እያለች ገለጠች። ከካስኩ ሥር የሚያናፋ ድምፅ መጣ፤ ይህኛው ግን ሳቅ አልነበረም። እህቲቱ «ሹሩባው ይሻል ነበር» አለች እየተንሰቀሰቀች። ሁሉም ተስማሙ።

ስለ ወንበሮቹ ከዚያ በኋላ ብዙ ተጨቃጨቁ፤ ወንበሮቹ ግን ከቦታቸው አልተነሱም። ከየታሪኩም አንዳንድ ቅጽ ለማንበቢያ ተብሎ ላስቲኩ ተቀደደ፤ አቶ አትንኩት አንዱን በቀደደ ቁጥር «ይሄንን ብቻ!» ይላል።

ያን ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎት ብድግ አለ። በከንቱ ስሙን ያጠፋው ደራሲ አለ። ከመደርደሪያው አዲስ ቅጽ መዝዞ፣ መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ በሩጫ ደረሰ። ባለመድኃኒት ቤቷ ቀና ብላ ስታየው ደነገጠች። ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ የዓይኑ ቆብ አብጧል።

«በስመ አብ! ምን አደረግከው? ኢንፌክሽን ነው!» ብላ ወደ ጠብታው መደርደሪያ ዞረች።

አቶ አትንኩት መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አኖረላት።

«ኢንፌክሽን አይደለም» አላት፤ «በቅሎ ናት።»