የጋሼ ድምፅ

ሚጣ በሩን ሳታንኳኳ እትዬ ከፈተችላት። «ሚጣ» የሚሏት የቤት ሰዎች ብቻ ናቸው። ኮምፒውተር በምትጠግንበት ሱቅ ውስጥ ደንበኛው ሁሉ «አለቃ» ይላታል፤ ፀጉሯም ከፊት ሸበት ጣል አድርጎበታል፤ እዚህ ቤት ስትገባ ግን ያው ሚጣ ናት። እትዬ የታላቅ ወንድሟ የጋሼ ሚስት ናት።

«ዛሬም እምቢ አለ» አለች እትዬ ሰላምታውን ዘልላ። «ሄዶ ሄዶ፣ አለቀ ስንል ‹ማሻሻያው አልተሳካም› ብሎ ወደ ኋላው ይመለሳል።»

«ጋሼስ?»

«ተናዷል። መናደዱን ጽፎ እስኪጨርስ ደግሞ እኔም ተናደድኩ።»

ጋሼ መስኮቱ ሥር፣ ጀርባው ከፍ ዝቅ በሚለው ወንበር ላይ ነበር። ላፕቶፑ ከፊቱ ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዕድሜውን የጨረሰው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ላይ ሆኖ መኪና ሲጠራ፣ የጠፋ ልጅ ሲያፋልግ፣ ሻንጣውን ረስቶ የወረደውን ሲያስመልስ። መልኩን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ድምፁን ግን የማያውቅ አልነበረም። ሱቅ ገብቶ ሳሙና ሲጠይቅ ባለሱቁ ቀና ብሎ «የመናኸሪያው ሰውዬ ነዎት እንዴ?» ይለው ነበር።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዝል፣ ሐኪሞቹ ስሙን እንጂ መድኃኒቱን ያላገኙለት ሕመም ነው። መጀመሪያ እግሩን ያዘው፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ ምላሱን። ምላሱ ጨርሶ ከመተሳሰሩ በፊት ሚጣ አንድ ፕሮግራም አመጣችለት። ሰው መናገር እየቻለ ብዙ ዐረፍተ ነገር አንብቦ ይቀዳል፤ ፕሮግራሙ ከቅጂዎቹ የዚያኑ ሰው ድምፅ ይሠራል፤ ኋላ የጻፈውን ሁሉ በዚያው ድምፅ ይናገርለታል። ጋሼ ክረምቱን ሙሉ ሲያነብ ከረመ። አሁን የምትታዘዝለት የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ናት። በእሷ እየለቀመ ይጽፋል።

ሚጣን ሲያይ ጣቱ መንቀሳቀስ ጀመረች። ሚጣ ቆማ ጠበቀች። ቆይቶ ላፕቶፑ በዚያ በወፍራም፣ ከሆድ በሚወጣ ድምፅ ተናገረ።

«የተከበራችሁ መንገደኞች፣ የዛሬው ጉዞ በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት ተሰርዟል። ትኬታችሁን ለሚጣ መልሱ።»

እትዬ ሳቋ አመለጣት። ሚጣም ሳቀች፤ እየሳቀች ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ችግሩ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነበር። የድምፅ ፕሮግራሙ «ኮምፒውተሩ ካልተሻሻለ በቅርቡ መሥራት አቆማለሁ» እያለ ያስጠነቅቃል። ኮምፒውተሩ ደግሞ አልሻሻልም ብሏል። ሚጣ እንዲህ ያለውን ነገር በቀን ስንቴ እንደምታስተካክል አታውቀውም። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየች፤ ባዶ ቦታ ሞልቷል። ሰዓቱና ቀኑ ተዛንፎ እንደሆነ አየች፤ ልክ ነው። ኢንተርኔቱም ደህና ነው። ማሻሻያዎችን የሚያወርደውን አገልግሎት ከፍታ ስታየው ጠፍቷል። አበራችው። ዓይኗን ከማንሳቷ በፊት መልሶ ጠፋ።

እንደገና አበራችው። ጠፋ።

«ምን ሆነ?» አለች እትዬ፣ ከትከሻዋ በላይ እያየች።

«ቆይ እስቲ።»

አንቲቫይረሱን ልትከፍት ሞከረች። መስኮቱ ብልጭ ብሎ ተዘጋ። የአንቲቫይረሱን ድረ ገጽ ልትከፍት ብትል ገጹ አልገኝም አለ፤ ሌላው ገጽ ሁሉ ግን ይከፈታል። ሚጣ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ይሄ ብልሽት አይደለም። ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ፤ የሚያድነውን በር ሁሉ እየዞረ የሚዘጋ።

«እትዬ፣ በቅርቡ የጫናችሁት ነገር አለ?»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ እጭናለሁ?» እትዬ አሰብ አደረገች። «አንድ ቀን ብቻ… ‹ማሻሻያዎ ጊዜው አልፎበታል፣ አሁኑኑ እዚህ ይጫኑ› የሚል ቀይ ነገር መጣ። እሱ ተኝቶ ነበር። አንቺም ሥራ ላይ ነሽ፣ ለዚህች ብዬ አላስቸግራትም አልኩና ተጫንኩት። አመሰግናለሁ ብሎኝ ሄደ።»

ሚጣ ቅጂዎቹ ያሉበትን ማኅደር ከፈተችና አንዱን ፋይል ነካችው። ዘይት ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ የሚሰማ ዓይነት ሽርታ ወጣ። ሌላውን ነካች። ሽርታ። ሌላውን። እየወረደች እየወረደች ነካካች፤ ሁሉም አንድ ነው። ስማቸው እንዳለ ነው፣ ውስጣቸው ግን ተበልቷል። ከእነሱ የተሠራው ዋናው የድምፅ ፋይልም ተበልቷል፤ የተበላሸው ዛሬ ከረፋዱ በኋላ ነበር።

መጠባበቂያው ትንሽ ዲስክ ከላፕቶፑ ጎን እንደተሰካ ነው። ፕሮግራሙ በራሱ እንዲገለብጥበት ተብሎ ተነቅሎ አያውቅም። እሱንም ከፈተችው። እዚያም ያው ሽርታ።

ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲከፈለው የሚመልስ ቫይረስ አለ። ቢያንስ የሚለመን ሰው ከጀርባው አለ። ይሄኛው የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም፤ ያገኘውን ማኘክ ብቻ ነው ሥራው።

«ግን እኮ አሁን ተናገረ» አለች እትዬ። «አሁን በጆሮሽ ሰማሽው!»

ሚጣም እሱን እያሰበች ነበር። ስልኳን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ገባችና ሱቅ አብሯት ለሚሠራው ባልደረባዋ ደወለችለት። ትንሿን ነገር አስረዝሞ ስለሚያስረዳ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ዛሬ አላስረዘመም።

«ፕሮግራሙ ጠዋት ሲከፈት ድምፁን ከዲስኩ አንስቶ ሜሞሪው ላይ ይዞታል» አላት። «የሚናገረው ከዚያ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ከተበላ ግን…»

«ሳይጠፋ ከሜሞሪው ማውጣት አይቻልም?»

«ሞክሬው አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም አላውቅም። ብቻ እንዳታጠፊው። ከጠፋ በቃ ነው።»

«ዲስኩንስ ባመጣልህ?»

«አምጪው። አየዋለሁ። ግን ለሰዎቹ ተስፋ እንዳትሰጪያቸው፣ አደራ።»

ሚጣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጥቂት ቆመች። የውኃው ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር፤ ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ ወጥታ ጋሼ ፊት ተንበረከከችና ሳትሸፋፍን ነገረችው። ድምፁ ያለው እስካሁን ባልጠፋችው በዚህች ማሽን ውስጥ ብቻ መሆኑን፣ ማቆየትም መገልበጥም እንደማትችል፣ የምትችለው ነገር ቢኖር ስልኳን አስጠግታ የሚናገረውን መቅዳት ብቻ እንደሆነ።

ጋሼ አያት። ፊቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ዓይኑ ግን ድሮም ሁሉን ነገር ይናገር ነበር። ጣቱ መልቀም ጀመረች።

«ቀስ እያልኩ ስለምጽፍ ቅር እንዳትሰኙ። ሹፌሩ አርጅቷል።»

ሚጣ የስልኳን መቅጃ ከፈተች። እትዬ ወንበሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ምን ይባል? እንዲህ ሲጠየቅ ለካ የሚባል ነገር ይጠፋል። ሚጣ «መልካም ልደት በል፣ እንኳን አደረሳችሁ በል፣ ደህና እደሩ በል» ብላ እንደ ዕቃ መግዣ ትዘረዝር ጀመር። እትዬ አቋረጠቻት።

«ተዪው። እኔን እንደ ድሮው ይጥራኝ። ከበር ሲገባ እንደሚጠራኝ።»

ጋሼ ጻፈ። ድምፁ ወጣ፣ «አንቺ ሴትዮ! የት ገባሽ?»

እትዬ «ወይ!» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ ጋሼ ማንም ሳይጠይቀው መጻፍ ቀጠለ። ሌላ ከተማ ለምትኖረው ለልጃቸው ነበር። ሚጣና እትዬ ፊደሉ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲለቀም ያያሉ። «ልጄ፣ የተወለድሽ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልክ ተደውሎ ሲነገረኝ መኪና መጥራቱን ትቼ በድምፅ ማጉያው ለመንገደኛው ሁሉ ተናገርኩ። አለቃዬ ደመወዜን ሊቆርጥ ደረሰ። ያን ዕለት ያልኩት…»

ስክሪኑ መሃል ላይ ሰማያዊ ሳጥን ወጣ። «ማሻሻያውን ለመጨረስ ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሳል።» ከሥሩ ቁጥር ወደ ታች ይቆጥራል።

ሚጣ ተወርውራ «ይቅር» የሚለውን ነካች። አልሰማም። ደጋግማ ነካችው። አዝራሩ እንደ ሥዕል ነው። ለስንት ጊዜ አልሻሻልም ብሎ የከረመው ማሽን በዚህች ሰዓት ሊሻሻል ተነስቷል። ቫይረሱ ይሁን እውነተኛው ማሻሻያ፣ ኋላም አላወቀችውም።

«ጋሼ፣ ተናገር የሚለውን ልጫነው? እስከዚህ ያለውን ይበለው?»

የጋሼ ጣት ከፍ አለች። ቆይ ማለቱ ነው። ገና አልጨረሰም። ጣቱ ወርዳ አንድ ፊደል ለቀመች፣ ሌላ ልትደግም ስትል ስክሪኑ ጨለመ።

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የማሽኑ ማራገቢያ ነበር። እሱም ቆመ።

ተመልሶ ሲበራ «ማሻሻያው አልተሳካም፣ ለውጦቹ እየተመለሱ ነው» አለ፤ ነጥቦቹ ክብ ሠርተው ዞሩ። የድምፅ ፕሮግራሙ ተከፈተና በጨዋ ደንብ «የድምፅ ፋይሉ ሊነበብ አልቻለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሚጣ ፋይሉን ፈልጋ አሳየችው። አልቻለም አለ። ዘግታ ከፈተችው። አልቻለም። ሌላ የምታደርገው ባይኖርም እጇ ሥራውን አላቆመም፤ እትዬ መጥታ የእጅ አንጓዋን እስክትይዛት ድረስ።

ፕሮፌሰር ዲስኮቹን ወስዶ ከሥራ ሰዓቱ እየሰረቀ ታገለላቸው። አንድ ቀን ደውሎ «አንድ ነገር አግኝቻለሁ» አላትና ሚጣ ሱቁን ጥላ በረረች። ያገኘው ጋሼ ቀረጻ ሲጀምር ጉሮሮውን ሲጠራርግ ነው። ያቺ ብቻ ተርፋለች። ሚጣ አመሰገነችው፤ ለእነ ጋሼ ግን አልነገረቻቸውም።

ላፕቶፑን ፎርማት ከማድረግ ሌላ መንገድ አልነበረም። ሁሉን ጠርጋ አጠፋች፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫነች። ማሻሻያዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ምንም ሳያንገራግሩ ገቡ። «ኮምፒውተርዎ ወቅታዊ ነው» አለ። ፕሮግራሙ ከፋብሪካው ከሚመጡት ዝግጁ ድምፆች አንዱን እንድትመርጥ ጠየቃት። ከወንዶቹ መሃል ጎርናና የሚመስለውን መረጠች።

ጋሼ ሞከረው። «እንደምን አላችሁ» አለ ዝግጁው ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ እንደ ባንክ ስልክ።

ጋሼ እንደገና ጻፈ። «ይሄ ሰውዬ ማን ነው? ሂሳቤን ሊነግረኝ ነው?»

ቀልዱ ድሮ ቢሆን በሳቅ ያፈርሳቸው ነበር።

ሚጣ ልትወጣ ስትል እትዬ እስከ በሩ ተከተለቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«እኔ ነኝ፣ አይደል? ያ ቀይ ነገር ነው።»

«እንጃ እትዬ። በስንት መንገድ ይገባል።»

«ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ወደ ጫማሽ ታያለሽ።»

ሚጣ ከጫማዋ ላይ ዓይኗን አነሳች። ሥራዋ ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ነው። ይሄን አግኝታዋለች፤ ምን ልታደርገው? «እኔም ብሆን እጫነው ነበር» አለች። እትዬ አንገቷን ነቀነቀች፤ እንዳላመነቻት ግን ሚጣ ታውቃለች።

ጋሼ ለልጁ የጀመረውን ነገር መልሶ አልጻፈውም። ሚጣ አንድ ጊዜ «ያን ዕለት ምን ነበር ያልከው?» ብላ ጠይቃው ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ መጥታ ሳምንት ያህል አብራው ስትሰነብትም አላነሳውም። ሚጣ ስልክ ላይ የተቀዳችውን ያቺን አንዷን ጥሪ እትዬ ወሰደች፤ ትስማት አትስማት ማንም አያውቅም።

ከጊዜ በኋላ ጋሼ የላፕቶፑን ድምፅ ዘጋው። አሁን ይጽፋል፣ እትዬ አጠገቡ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነባለች። ስታነብ ደግሞ የራሷን ትጨምርበታለች። ባለፈው ሚጣ ልትጠይቃቸው ስትሄድ እትዬ መነጽሯን ገፋ አድርጋ «‹ሚጣ፣ ከስተሻል› ይላል፤ እውነቱን ነው፣ የማትበላ ሰው» ብላ አነበበች።

የጋሼ ጣት በጥድፊያ ወረደች። እትዬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«ምን ይላል?» አለች ሚጣ።

«‹የማትበላ ሰው አላልኩም› ይላል» አለች እትዬ። «ብለሃል። ልትል ነበር።»

ጋሼ መልስ መጻፍ ጀመረ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጣቱ ላይ አድርገው ጠበቁት። ፊደል ለቀመ፣ ዐረፈ፣ ደግሞ ለቀመ። ሚጣ በልማድ ማሽኑ ደህና መሆኑን ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። ደህና ነው። ምንም የሚነካ ነገር አልነበረውም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።