ወጌሻዋ እጇን ያሳረፈች ጊዜ

ሚስቴን ፀዳለን የማያውቅ ሰው ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ካለ፣ ወለምታ ነክቶት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እዚህ ግራና ከተማ ሃያ ስምንት ዓመት ወጌሻ ሆና ኖራለች። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። እሳቸውም ሲሞቱ አንድ አደራ ጥለውባት ሞቱ፤ "የተሰበረ ሰው ደጅሽ ላይ አይቁም" ብለው። አቁማም አታውቅ። የጎረሰችውን ሳትውጥ ከገበታ ስትነሳ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። በሬ የሚያህል ገበሬ ትከሻው ወልቆ ይመጣል፣ እሷ እግሯን ተክላ ትስበዋለች፣ ቋ ሲል እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ወንድ ነኝ ብዬ አልዋሽም፣ ያን ድምፅ አልችለውም።

ሰው ወጌሻነት ቅቤ መቀባት ይመስለዋል። ጉልበት ነው እንጂ። ያ ሁሉ ጉልበት ደግሞ የሚያልፈው በቀኝ እጇ አንጓ በኩል ነው። እሱ አንጓ ከሁለት ዓመት በፊት ይጠዘጥዛት ጀመር። ለማን ትናገር? ወጌሻ እጄን አመመኝ ካለች ማን ደጇን ይረግጣል? ማታ በግራ እጇ ታሸዋለች፣ ጨርቁን በጥርሷ ይዛ ታስረዋለች፣ ጠዋት ሰው ሲመጣ ፈትታ ትደብቀዋለች። ሲብስባት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ አጥብቃ አሸችው።

አንድ ቀን ውሃ የሞላ ጣሳ ከእጇ አምልጦ እግሬ ላይ ወደቀ። እኔ ንዴቴ ቅርብ ነው፤ "ድሮስ ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም" አልኳት። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ "ወልድያ ውሰደኝ" አለች።

ወልድያ ሆስፒታል ያገኘናት ባለሙያ ቤተልሔም ትባላለች። ሥራዋ የተጎዳ እጅና እግርን በእንቅስቃሴ ማዳን ነው፤ ፊዚዮቴራፒ ይሉታል። በዕድሜዋ የመጨረሻ ልጃችንን ብታክል ነው። የፀዳለን አንጓ ይዛ ወዲያም ወዲህም አደረገችና "ማን ነው ሲያሽዎት የቆየው?" ብላ ጠየቀች።

"እኔው ነኝ" አለች ፀዳለ።

"ያባሰብዎ እሱ ነው፣ እትዬ። ጅማቱ ዕረፍት ሲለምን እርስዎ ሥራ ሲጨምሩበት ኖረዋል።"

ፀዳለን እንዲህ ብሎ የተናገራት ፍጡር አልነበረም። ተነስታ ትወጣለች ብዬ ከዘራዬን አነሳሁ። እሷ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ ሳትል "እሺ ልጄ፣ ምን ላድርግ?" አለች። አገር ሙሉ ሲያሽ የኖረ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ መስማት ቀላል አይደለም። ኮራሁባት፤ አልነገርኳትም እንጂ።

የታዘዘችው ሦስት ወር ማንንም እንዳትስብ፣ ማንንም እንዳታሽ ነው። "አንድ ጊዜ በኃይል ቢስቡ ሊበጠስ ይችላል" አለቻት ቤተልሔም፤ "ከተበጠሰ ደግሞ እጅዎ ለወጌሻነት አይመለስም።" ቤት ሆና የምትሠራውንም አሳየቻት። ማሽላ በሞላ ባልዲ ውስጥ እጇን ቀብራ መክፈትና መጨበጥ። ውሃ የያዘች ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጨብጣ አንጓዋን ቀስ አድርጋ ማውረድ። ዐሥራ አምስት ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ።

"ይሄማ የሕፃን ጨዋታ ነው" አልኩ ቤት ስንገባ። ፀዳለ ጠርሙሱን ይዛ ጀመረች፤ አራተኛው ላይ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሰባተኛው ላይ ላቧ በግንባሯ ወረደ። ዐሥራ አምስቱን ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ጨዋታ ነው አላልኩም።

በሩን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። እሷ እንቢ ማለት አታውቅማ! ጎረቤታችን ከድጃ እንኳ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ እያነከሰች ስትመጣ ከደጅ መለስኳት። "ሐራ ከተማ ወጌሻ አለ፣ እዚያ ሂጂ" አልኳት፣ ያውም በቁጣ። ፀዳለ ከውስጥ ሆና ሰምታ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ገበያ ላይ "ፀዳለ ኮራች" ተባለ። "አባቷ ይህን ባዩ" ያለም አልጠፋ። እሷ ግን እጇን ማሽላው ውስጥ ከታ ትጨብጣለች፣ ትከፍታለች። እያለቀሰች የሠራችበትም ቀን አለ። አንድም ቀን ግን አላስታጎለችም።

ሦስት ወሩ ሊሞላ ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው እኔ ማንጎ ላይ ወጣሁ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ! አትውጣ ብላኝ ነበር፤ እሷ አትውጣ ባትለኝ ኖሮ ምናልባት አልወጣም ነበር። ቅርንጫፉ ተገነጠለና ከነማንጎው መሬት ላይ ዘረጠጠኝ። ትከሻዬ ወጣ። ሰው እንዲህ ያማል ሲል ያጋንናል እል ነበር፤ አያጋንንም።

ፀዳለ ሮጣ መጣች፣ በግራ እጇ ጣቶች ትከሻዬን ዳሰሰችና "ወልቋል፤ ስብራት የለውም" አለች።

"ሳቢዋ" አልኳት። "ምን ታያለሽ?"

ቀኝ እጇ ብድግ ሲል አየሁ። ማርያምን፣ ያ እጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱ ነው የተነሳው። ሃያ ስምንት ዓመት የለመደውን ሊሠራ ወደኔ መጣ። ግራ እጇ አንጓው ላይ ያዘውና ደረቷ ላይ አጣብቆ አስቀረው።

"አልስብም" አለች። "ወልድያ እንሄዳለን።"

ከድጃ ጩኸቴን ሰምታ እያነከሰች ደረሰች። ነገሩ ሲገባት "አያ ዘውዱ፣ ሐራ ወጌሻ አለ አላሉኝም ነበር? ይሂዱ እንጂ" አለችኝ። ይህን ብላ ግን በዚያች እግሯ ባጃጅ ልትጠራ የሄደችው እሷው ናት።

ፀዳለ ክንዴን በነጠላዋ ከደረቴ ጋር አሰረችው። በባጃጅ እስከ መርሳ፣ ከመርሳ በሚኒባስ ወልድያ። መንገዱን ሙሉ ሰደብኳት። የማልለው አልነበረም። "ለአገር የተዘረጋ እጅ ለኔ ሲሆን ታጠፈ?" አልኳት፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። ክርኔን በግራ እጇ ደግፋ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር እንዳይነቃነቅ ትጠብቀዋለች። ወልድያ ልንገባ ስንል ነው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ የተናገረችው።

"ዘውዱ፣ ዛሬ ብስብህና ጅማቱ ቢበጠስ የማድነው አንተን ብቻ ነው።"

ስድቤን ተውኩ። ሕመሙ ግን አልቀነሰም። ሰውን ለማዳን ብላ ስትለፋ ያየኋትን ሴት፣ ሰውን ለማዳን ብላ የገዛ ባሏን ጩኸት ስትችል አየኋት። ሰው መሳብ ከባድ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ አለመሳብ እንዲህ ይከብዳል ብዬ መች አሰብኩ።

ሐኪሞቹ ትከሻዬን መለሱት። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሰን ሄድን። ቤተልሔም የፀዳለን አንጓ ገፋች፣ ጠመዘዘች፣ እጇን አስጨበጠቻትና የራሷን ጣቶች እያራገበች ሳቀች። "ይጀምሩ፣ እትዬ። ግን በልኩ፤ በክንድና በወገብዎ ይሳቡ፣ ሁሉንም አንጓዎ ላይ አይጣሉት" አለቻት። ለኔም ትከሻዬ እንዳይደርቅ በቀስታ ብታሽልኝ እንደማይጎዳ ነገረችን።

በማግስቱ ጠዋት በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ወሬው መቼ እንደደረሰ እንጃ፣ ደጁ ሞልቷል። ከድጃ ፊት ናት። ፀዳለ አንድ በአንድ አስተናገደቻቸው፣ ስትደክም እያረፈች፣ ድሮ የማታውቀውን። እኔም ወረፋዬን ጠብቄ ከሁሉ በኋላ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። ሞቃት ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ ጣቶቿ የሚሄዱበትን ያውቃሉ። ዕንባዬ መጣ።

"አመመህ እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። አላመመኝም ነበር።