ያለ ነሐስ የተከተልኩት ንብ

አማቴ ሊሲላ ቤቷ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ ትጠብቀኛለች። ወይራ ስለቅም ቆማ ታየኛለች፤ ምንጭ ወርጄ ትንሽ ከዘገየሁ ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች። ባሌ ኒኮን በጦር መርከብ ላይ ሊቀዝፍ ከሄደ ወዲህማ ብሶባታል። ጥፋቴ የጎረቤት አገር፣ የቦዮቲያ ልጅ መሆኔ ነው። የባሌ ወገኖች አቴናውያን እኛን አሳማ ነው የሚሉን፤ እሷ ሌባም ጨመረችልኝ።

ነገሩ የከረረው በነሐሶቼ ነው። እናቴ ስትድረኝ የሰጠችኝ ሁለት ትናንሽ የነሐስ ጸናጽሎች አሉኝ፤ እንደ ድስት ክዳን የጎበጡ፣ ሲጋጩ ጆሮ የሚበሱ። እኛ አገር ለአማልክት እናት በዓል እንመታቸዋለን፤ ንብ ሲኮበልልም እየመታን እንከተለዋለን፣ ድምፁን ሲሰማ ይሰፍራል። ዘንድሮ ብርዱ ቀፎዎቻችንን ፈጅቶ አንድ ብቻ ቀርቶናል። የምንበላው ገብስ የሚገዛው በማሩ ነው፤ እሱ ከኮበለለብን አለቀልን። ስለዚህ በየቀኑ ቀፎው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነሐሶቼን ቀስ አድርጌ አጋጫለሁ፣ ንቦቹ ድምፁን ይልመዱት ብዬ።

«ማንን ነው የምትጠሪው?» አለችኝ አንድ ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ማንንም እማማ። ንቦቹን እያስለመድኳቸው ነው።»

«አውቄብሻለሁ! ከአጥሩ ማዶ ላለው ለቴሌስያስ ነው ምልክት የምትሰጪው። ንቤን ልታሻግሪለት!»

«ኧረ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

«ያርገው! የአሳማ ዓይን ለምን ይጠቅማል?»

ቅጥል አልኩ። ቴሌስያስን እኮ እኔም አላምነውም። የግቢውን በለስ ግንድ ማር ሲቀባ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሰው ዛፉን ማር የሚቀባው ለጽድቅ ነው? ግን ብነግራት «ምን ልታዪ ሄደሽ?» ነው የምትለኝ።

በማግስቱ ነሐሶቼ ከሣጥኔ የሉም። ማን እንደወሰዳቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሊሲላ ገብሷን ትፈጫለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ንቡ የኮበለለው ያን ዕለት ነው። እሷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። ድምፁን ሰምቼ ብወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። አንድ የሚጮህ ነገር ፍለጋ ቤት ውስጥ ተሯሯጥኩ፤ ወይ ጣጣ፣ ድስቱም ማሰሮውም ሁሉ ሸክላ! እያጨበጨብኩ፣ «የሊሲላ ንብ ነው! የሊሲላ ንብ ነው!» እያልኩ ተከተልኩት። ንቡ አጥሩን ዘሎ የት ሰፈረ ብትሉ፣ ማር የተቀባው በለስ ላይ። እኔም ዘለልኩ።

ቴሌስያስ እጄን አፈፍ አደረገኝ። እዚህ አገር ሕጉን ሕፃን ያውቀዋል፤ ነሐስ እየመታ የተከተለ ባለንብ ነው፣ የማንም ግቢ ቢገባ አይነካም። ያለ ነሐስ የገባ ሌባ ነው።

«ነሐስ የሰማ አለ?» ብሎ ሠራተኞቹን ጠየቀ። ማንም አልሰማም።

«ጭብጨባዬንስ አልሰማህም?»

«ጭብጨባ ለዘፋኝ ነው!» አለ። ሁሉም ሳቁ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ሊሲላም እንስራዋን ተሸክማ ደረሰች።

«እትዬ ሊሲላ፣ በእህል አምላካችን በዴሜትራ ይማሉልኝ» አላት ቴሌስያስ። «ነሐስ ሰምቻለሁ ካሉ ንቡን ይውሰዱ። ካልሰሙ ንቡ የእኔ ነው፤ ይቺን ሌባ ደግሞ ለሹማምንቱ አስረክባለሁ።»

በቃ፣ አለቀልኝ። ወይ በሐሰት ምላ ንቧን ትወስዳለች፤ ወይ አልሰማሁም ብላ በሌባ ስም ወደ አባቴ ቤት ትሸኘኛለች። ስትመኘው የኖረችው ይኸው አይደል? ዓይኗን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም።

እንስራዋን አወረደች።

«አልሰማሁም» አለች።

ቴሌስያስ ወደ በሩ ይጎትተኝ ጀመር።

«ከየት እሰማለሁ? ነሐሱን ከሣጥኗ አውጥቼ ገብስ ውስጥ የቀበርኩት እኔ ነኝ። በምን ትምታ? በጥርሷ? ልቀቃት አሁን!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የእሷ ፊት ግን እንደ ፍም ቀላ። ቴሌስያስ እጄን ለቀቀ፤ ንቡን ግን አልለቀቀም፣ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። እያየነው በቅርጫት ሰብስቦ ይዞት ገባ። ሊሲላ የመጨረሻዋ ንብ ቅርጫት ውስጥ እስክትገባ ቆማ አየች።

ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ግን አሁንም አላመንኳትም። ምን አስባ ይሆን?

«እማማ፣ ቢምሉ ኖሮ ንቡ የእርስዎ ነበር። አልሰማሁም ብለው ቢያበቁም ከእኔ ይገላገሉ ነበር። ለምን ተናገሩ?»

«አንቺን መጠርጠር የእኔ ፋንታ ነው» አለች ዞር ሳትል። «እሱ ማን ሆኖ ነው ምራቴን ሌባ የሚላት?»