ማነጻጸሪያው ትምህርት ቤት

ጂራታ የመመረቂያ ጽሑፉን አራተኛ ምዕራፍ ይዞ አማካሪው ቢሮ የገባው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነበር። ዶክተር እስከዳር ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ አዩት።

«የእናንተ ልጆች አማካይ ውጤት ከአርባ ሃያ አራት ነጥብ አንድ። የማነጻጸሪያው ትምህርት ቤት ሃያ ሦስት ነጥብ ስምንት። ፕሮግራሙ ያለበትና የሌለበት እኩል ናቸው ማለት ነው።»

«እኩል ናቸው፣ ዶክተር።»

«አልከፋህም?»

«ከፋኝ እንጂ። እህል አልወርድ ብሎኝ ሰነበተ።»

ጂራታ ለትምህርት ምዘናና ግምገማ ማስተርስ አሶሳ ከመምጣቱ በፊት ባምባሲ አጠገብ አስተማሪ ነበር። እዚያ ለአራተኛ ክፍል ልጆች በበርታኛና በአማርኛ የተጻፉ ሠላሳ ትንንሽ የተረት መጻሕፍት የሚነበቡበትን ፕሮግራም ሦስት ዓመት አስተባብሯል። አሁን የሚገመግመው ያንኑ ነው። ጽሑፉን ፈታኞች ፊት የሚከላከልበት ዲፌንስ ለሰኔ ሃያ ሁለት ተቆርጧል፤ የትምህርት ፈቃዱም በክረምቱ ያበቃል።

«ስለ ማነጻጸሪያው ትምህርት ቤት የጻፍከው አንድ ገጽ ብቻ ነው» አሉ ዶክተር እስከዳር። «ክፍሉ ገብተህ አይተሃል?»

«ፈተናውን ግቢው ዛፍ ሥር አስቀምጠው የሰጡት ረዳቶቼ ናቸው። መጽሐፍ ግን የላቸውም፤ የወረዳው መዝገብ እንደዚያ ይላል።»

«መዝገቡን አልጠየቅሁህም። ሂድና እይ።»

በማግስቱ በሞተር ሄደ። የአራተኛ ክፍሉ አስተማሪ ማህጁብ፣ ሸምገል ያለ፣ አማርኛን በኋላ የተማረ የበርታ ሰው፣ በር ላይ ተቀብሎ አስገባው። ጂራታ ሁለት እርምጃ ገብቶ ቆመ። ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ተተርትሮ በተዘረጋ የማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል፤ በየከረጢቱ ላይ በትልልቅ ፊደል ተረት ተጽፎበታል። አንዲት ልጅ በእንጨት እየጠቆመች ስለ ጦጣዋና ስለ አዞው ታነባለች። ያንን ተረት ያረመው ጂራታ ራሱ ነው።

«ይኼ ከየት መጣ፣ መምህር ማህጁብ?»

«ከአንተ ነዋ፣ ኡስታዝ። ባምባሲ ስብሰባ ላይ አንድ መጽሐፍ አውሰኝ አልኩ፤ አንተ ውሰድ፣ ገልብጥ አልክ። ረሳህ?»

ጂራታ አስታወሰ። ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«አንድ ነበር እኮ ያልኩህ።»

«አንዱን መለስኩ፣ ሌላ ወሰድኩ። ሰንበቴ፣ የእናንተ ላይብረሪ የሚሠራው ሴትዮ፣ ሰጠኝ። ወላሂ ሠላሳውም ተገልብጦ አለቀ።» ማህጁብ ጠጋ አለ። «ፈተናው እንዴት ነው? ልጆችህ በለጡን?»

«በዜሮ ነጥብ ሦስት።»

«እሱማ ምንም አይደለም» አለ ማህጁብ፤ ሳቁ መጣበት። «እናንተ መጽሐፍ፣ እኛ ከረጢት።»

ጂራታ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ አሰበበት። ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም። ምዕራፉ እንዳለ ይጠረዛል፣ ሰኔ ሃያ ሁለት ፈታኞቹ ፊት ይቆማል፣ ይመረቃል። ብቻ ጽሑፉ «ፕሮግራሙ ለውጥ አላመጣም» ይላል፤ እሱ ደግሞ ከረጢቱን አይቷል። ሞተሩን በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነዳ።

ዶክተር እስከዳር እስኪጨርስ አላቋረጡትም። ከዚያ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

«ማነጻጸሪያህን ራስህ አበላሸኸው።»

«ራሴ፣ ዶክተር። በሦስተኛው ምዕራፍ እንደዚያው እጽፈዋለሁ። መጽሐፉ ያልደረሰበት ሦስተኛ ትምህርት ቤትም እፈልጋለሁ። ትምህርት ሳይዘጋ ልጆቹን ልፈትናቸው።»

«ለሰኔ አይደርስም። ጥቅምት ነው የምታቀርበው።»

«ይሁን።»

«ፈቃድህ እንዲራዘም ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። አዲሱን ትምህርት ቤት ግን ከመምረጥህ በፊት ደህና አድርገህ አስብ። ለማን ለማን እንዳዋስክ።»

«አሁን ክፍሉ ገብቼ ግድግዳውን ሳላይ አልመርጥም።»

ከግቢው ወጥቶ፣ ፈተናውን የሚያባዛለት ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ተራ እየጠበቀ ለሚስቱ ለኡርጂ ደወለ።

«ዲፌንሱ ለጥቅምት ተላለፈ።»

«ምን አጥፍተህ?»

«መጽሐፍ አውሼ።»

«ልጆቹ አነበቡት?»

«አነበቡት። ከእኛዎቹ እኩል።»

«ታዲያ ድምፅህ የከፋው ሰው ድምፅ አይደለም።»

«አልከፋኝማ። ደህና ነኝ።»

«በቃ ለአክስቴ ደውዬ ላስቀራት፤ ለምርቃትህ በግ ልትገዛ ነገ ገበያ ትወጣለች።»

ጂራታ ስልኩን ዘግቶ የፈተናውን ወረቀት ለፎቶ ኮፒ ሠራተኛው ሰጠው። ስልሳ ቅጂ፣ በሁለቱም ገጽ።