ሁለተኛ ቤዝ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄደች

ጌጃ ሰፈር ያለው የነሰሚራ ኮሌጅ የሴቶች ሶፍትቦል ቡድን አለው፤ ሜዳ ግን የለውም። ጨዋታው ኳስ በዱላ መትቶ ቤዝ ከተባለ ማረፊያ ወደ ማረፊያ መሮጥ ነው፤ የመጨረሻውን ቤዝ የረገጠች ነጥብ ታገኛለች። ክረምቱን ሙሉ የተለማመዱት በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር፣ በተጠቀለለ ካልሲ ነው። በእውነተኛ ኳስ የጀመሩ ዕለት የዲኑ መስኮት ረግፎ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ አሰልጣኛቸው ጃርሶ ከኮሌጁ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ አስፈቀደ። እዚያ የጎረቤታቸው የአቶ ሀብተ ማርያም ላዳ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ሥሯ ሣር በቅሎ ቆማለች። ጃርሶ ዙሪያዋን ዞሮ አያትና፣ "በቃ፣ ሁለተኛው ቤዝ ይቺ ናት። የትም አትሄድም" አለ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከአዳማ አንድ ኮሌጅ ለወዳጅነት ጨዋታ መጣ። ሰሚራ ኳሷን መታች፣ አንደኛውን ቤዝ አልፋ ሮጠች፣ የላዳዋን ፓራውልት ጥርቅም አድርጋ ያዘች። የአዳማዋ ተጫዋች ሎሚ ኳሷን ተቀብላ ስትደርስ ዘግይታለች። ቤዝ የነካን ሯጭ ከጨዋታ ማስወጣት አይቻልም። ከቤዙ ከለቀቀች ግን ሎሚ ኳሷን ስታስነካት ሰሚራ ትወጣለች። ስለዚህ ሎሚ አጠገቧ ቆማ እጇን እጇን ታያለች።

ይኼኔ አቶ ሀብተ ማርያም ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ መጡ። ጠዋት መካኒክ ጠርተው ጎማ አስነፍተው፣ ባትሪ አስቀይረው ነበር።

"ልጆች፣ ፈቀቅ በሉ። ባለቤቴን ላመጣ ነው።"

"አባባ፣ ትንሽ ይታገሱን፤ ቤዝ ላይ ነኝ" አለች ሰሚራ።

"ምን ላይ?"

"ቤዝ ላይ።"

"ይቺ ላዳ ናት፣ የኔ ልጅ" አሉና ገብተው አስነሱ።

"ሰሚራ፣ እንዳትለቂ!" ብሎ ጮኸ ጃርሶ።

ሁሉም ወደ ዳኛው ወደ አምሳሉ ዞሩ። አምሳሉ የመረብ ኳስ ዳኛ ነው፤ ሌላ አልተገኘም። ትንሽ አሰበና፣ "መኪናዋ በሙሉ ቤዝ ናት። ብትሄድም ቤዝ ናት" ብሎ ወሰነ።

ሰሚራ እጇን ሳታነሳ የኋላውን በር ከፍታ ገባች። የአዳማው አሰልጣኝ ዘነበ፣ "ሎሚ፣ ተከተያት!" ሲል ሎሚም ኳሷን እንደያዘች በሌላው በር ገባች።

"የት ላድርሳችሁ?" አሉ አቶ ሀብተ ማርያም።

"እርስዎ የሚሄዱበት" አለች ሰሚራ።

"ጨዋ ልጆች" ብለው ነዱ።

ተክለ ሃይማኖት ወይዘሮ ፀዳለ አንድ ጆንያ ዛላ በርበሬ ይዘው ይጠብቃሉ። ወደ ኋላ ወንበር አጮልቀው አዩ።

"እነዚህ እነማን ናቸው?"

"ቤዝ ናቸው መሰለኝ" አሉ ባላቸው።

"እስቲ ውረዱና አግዙኝ።"

"ይቅርታ እማማ፣ ከወረድኩ ታስወጣኛለች።"

"አንቺስ?"

"የማስወጣት እኔ ነኝ" አለች ሎሚ።

ወይዘሮ ፀዳለ እያጉረመረሙ ጆንያውን መሃላቸው ጎተቱት። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ሁለቱም ማስነጠስ ጀመሩ። እንባቸው እየወረደ ሎሚ የሰሚራን እጅ፣ ሰሚራ የሎሚን ኳስ ይከታተላሉ።

ልደታ ማርያም አጠገብ ሲደርሱ ላዳዋ ቀጥ አለች።

"ወርዳችሁ ግፉ!" አሉ አቶ ሀብተ ማርያም።

ሰሚራ እጇን ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ኋላ እያንሸራተተች ወረደች። ሎሚ በአንድ እጇ ኳሷን ይዛ በሌላው ገፋች። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት ምእመናን ባለ ኮፍያዎቹን ልጆች ቆመው ያዩ ጀመር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰሚራ በኃይል አስነጠሳትና ሁለት እጇን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች። ወዲያው ደንግጣ መኪናዋን መልሳ ያዘች።

"አየሁሽ" አለች ሎሚ።

"ታዲያ ለምን አልነካሽኝም?"

"እና ብቻዬን ልገፋት ነው?"

ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው እየተንገዳገዱ ገፉ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ተነሳ፤ ዘለው ገቡ። ሜዳው ሲደርሱ አቶ ሀብተ ማርያም ጭቃውን ሸሽተው መኪናዋን በቀጥታ የመጨረሻው ቤዝ አጠገብ አቆሟት። ሰሚራ አንድ እጇ ላዳዋ ላይ እንዳለ እግሯን አወረደች፤ ቤዙን ረገጠች።

"ነጥብ!" አለ አምሳሉ።

"ምን ነጥብ? አልሮጠችም እኮ!" ዘነበ ደም ሥሩ ተገታተረ።

"ከተክለ ሃይማኖት ነው የመጣችው። ከዚህ በላይ የት ድረስ ትሩጥ?"

ያም ሆኖ ጨዋታውን አዳማዎች አሸነፉ፤ ሰሚራ ከዚያ በኋላ መሮጥ ቀርቶ መቆምም አቅቷት ነበር። ዘነበ ግን ነገሩ አልወጣለትም። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ሎሚን በሩ ላይ አስቁሞ ጠየቃት።

"ያን ሁሉ መንገድ አንዴም አልለቀቀችም?"

ሎሚ የቀላ አፍንጫዋን ጠረገች። "አንዴም" አለችና ወንበሯን ልትፈልግ ገባች።