ፊቱን የሚደብቀው ሟች

በኦክላንድ ከተማ እንደ ሎፔቲ አሳምሮ የሚሞት ሰው አልነበረም። ከግንብ ተወርውሮ ይሞታል፤ ፈረስ ረግጦት ይሞታል፤ በጦር ተወግቶ፣ በእሳት ተለብልቦ ይሞታል። ሲመሽ የስኳር ሽሮፕ የሆነውን ደሙን ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ ማንጌሬ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ይገባና እራቱን ይበላል።

ሥራው ይኸው ነበር። በጥንት ዘመን ለሮማውያን መዝናኛ እርስ በርስ ሲጋደሉ ይውሉ ስለነበሩት፣ በኋላም በጌቶቻቸው ላይ ስላመፁት ግላዲያተሮች የሚተርክ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እዚያው ከተማ ይቀረፅ ነበር። ዋናዎቹ ተዋንያን ይናገራሉ፣ ይፋቀራሉ፣ ያለቅሳሉ። መውደቁ፣ መቃጠሉና መወጋቱ ግን የእነ ሎፔቲ ድርሻ ነው። እነሱም ራሳቸውን «ሟቾቹ» ብለው ይጠሩ ነበር።

ሟቾቹ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ፊት አይታይም። ነገሩ ወዲህ ነው። ፊቱ በደንብ የታየ ሟች አንዴ ከሞተ አበቃለት። በሌላ ሳምንት ሌላ ሰው ሆኖ ቢመጣ ተመልካቹ «ይኼ ሰውዬ ባለፈው አልሞተም እንዴ?» ይላል። ፊቱን በራስ ቁር የሸፈነ፣ ወይም ሲወድቅ ለካሜራው ጀርባውን የሚሰጥ ግን ዛሬ የሮማ ወታደር፣ ነገ አማፂ፣ ከነገ ወዲያ የበር ዘበኛ ሆኖ ደጋግሞ ይሞታል፤ ደሞዙንም ደጋግሞ ይቀበላል። የሟቾቹ አለቃ ራዊሪ የሚባል ፂሙ የሸበተ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማኦሪዎች የተወለደ ሰው ነበር። አዲስ ለሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምረው አወዳደቅን ሳይሆን ፊትን መቆጠብን ነው። «ፊትህ ጥሪትህ ነው፣ አትበትነው» ይላቸዋል።

ሎፔቲ ደግሞ በዚህ ነገር ከሁሉም የባሰ ቆጣቢ ነበር። በድራማው ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ራዊሪ ጠርቶ ስም ያለው፣ ፊቱም የሚታይ ሰው ሆነህ ሙት ቢለው፣ አመስግኖ እምቢ አለ። የቤት ኪራይ አለበት፣ ሚስት አለችው፤ አንድ ጊዜ አምሮበት ሞቶ ሥራ ፈት ከሚሆን በየሳምንቱ ሳይታወቅ ቢሞት ይሻለዋል። ሰውነቱም ለመደው። ሲመታ ቀኝ ክንዱ ራሱ ይነሳል፣ ፊቱ ክርኑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ይወድቃል። አስቦበት አይደለም፤ እንደ ትንፋሽ ሆኖለት ነው።

ቤቱ ውስጥ ግን ይኼ ቁጠባ አንድ ነገር አጉድሎበት ነበር።

ታላቅ እህት አለችው፣ አናሴኒ የምትባል። አገራቸው ቶንጋ፣ ቫቫኡ ደሴት ላይ ሳሉ እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። ይዛው ኦክላንድ መጥታ፣ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥራ፣ እጇ በሙቅ ውሃ እየተላጠ ያሳደገችው እሷ ናት። ትልቅ የራግቢ ተጫዋች ይሆናል ብላ ነበር፤ ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ ወዲያ ሟች ሆነ፤ እሷ በዚህ ምን እንደተሰማት ተነጋግረው አያውቁም።

በቶንጋ ሰው ዘንድ እህት ከወንድሟ በላይ ናት። ወንድም እህቱ ባለችበት ክፉ ቃል አያወጣም፤ መኝታ ቤቷ አይገባም፤ አብሯት ተቀምጦም ቴሌቪዥን አያይም። ድንገት አሳፋሪ ነገር ብቅ ቢል ሁለቱም የሚገቡበት ያጣሉና። ይኼ ድራማ ደግሞ አሳፋሪ ነገር ሞልቶ የፈሰሰበት ነው። ስለዚህ በሚታይበት ምሽት አናሴኒ ከሎፔቲ ሚስት ከቪካ ጋር ሳሎን ትቀመጣለች፣ ሎፔቲ ጓዳ ገብቶ የሚላጥ ወይም የሚታጠብ ነገር ይፈልጋል። የተራቆተ ሰው ሲመጣ ቪካ ትራስ ይዛ ብድግ ትልና ቴሌቪዥኑን ትከልላለች። አንዳንድ ቀን ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ትራሱ አይበቃም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲታይ አናሴኒ በቪካ በኩል አንድ ጥያቄ ልካ ነበር። የትኛው ነው እሱ? ብላ። ሎፔቲ ምን ይበል? ያ ቁር የደፋው ነኝ፣ ያኛውም ቁር የደፋው ነኝ ሊል ነው? አፈረ። «አንድ ቀን ፊቴ በደንብ ይታያል፣ ያኔ ታየኛለች በያት» አለ። ቪካ አደረሰች። አናሴኒ ሰማች፤ ዝም አለች፤ ዳግመኛም አልጠየቀች። ያ ዝምታ ሎፔቲ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠበት። አላመነችኝም፣ ያን ሁሉ ዓመት ልብስ ያጠበችው ፊት ለሌለው ሰው ነው ብላ ይሆናል፣ እያለ ስንቴ ተብሰለሰለ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ቀረፃ ሲጀመር አናሴኒ ጓዟን መሸከፍ ጀምራ ነበር። የኦክላንድ ብርድ ጉልበቷን አስቸግሯታል፤ የአባታቸው ቤትም ቫቫኡ ላይ ጣሪያው ታድሷል፤ ድራማው ሲያልቅ እሄዳለሁ ብላለች። እንግዲህ ሎፔቲ ቃሉን የሚሞላው አሁን ነው፣ ካልሆነም ቀረ።

ደግነቱ በመጨረሻው ምዕራፍ የሟቾቹ ሕግ ተሻረ። ነገ የለም፣ ማን ምን ሊቆጥብ? ራዊሪ ነባሮቹን ሰብስቦ፣ በመጨረሻው ጦርነት ለእያንዳንዳቸው ፊታቸው የሚታይበት ሞት እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። እነዚያ ሰውነታቸው ጠባሳ የሞላ ጎረምሶች እንደ ሙሽራ ሆኑላችሁ። ፂሙን የሚያስተካክል፣ ቅንድቡን የሚያስለቅም፣ መስታወት ፊት ቆሞ ሞት የሚለማመድ። ለሎፔቲ የደረሰው ከሁሉም ያማረው ነበር። በአማፂዎቹ መሪ ላይ የተወረወረውን ጦር በደረቱ ይቀበላል፤ ይንበረከካል፤ ቀና ብሎ ካሜራውን ያያል፤ ይሞታል። ማምሻውን ይኼንኑ ለቪካ በደስታ ነገራት።

ጦርነቱ የተቀረፀው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ማለዳ ጭቃው ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ ሄሚ የሚባለው የሥራ ባልደረባው ሎፔቲን ከላይ እስከ ታች አየው።

«እኔ ደግሞ አዲስ ሰው ተቀጠረ ብዬ ልተዋወቅህ ነበር» አለው። «ፊት አለህ ለካ?»

«አለኝ። አንተ ግን የራስህን ባታወጣው ይሻል ነበር።»

«እንዳትደነግጥ ብቻ። ካሜራው አይናከስም።»

ሳቁ። ሰማዩም እንደ ኦክላንድ ሰማይ አመሉን አመጣ፤ ፀሐይ ወጣች፣ ካፊያ ወረደ፣ መልሳ ወጣች። ዳይሬክተሩ ዝናቡ ሳይጠና ቶሎ ቶሎ በሉ አለ። ጥሩምባ ተነፋ። ሁለቱም ወገን እየጮኸ ተጋጠመ። ሎፔቲ የጎማ ሰይፉን እያወዛወዘ ቦታው ደረሰ፤ ጦሩ መጣ፤ ደረቱ ላይ ያለው የደም ከረጢት ፈነዳ፤ ተንበረከከ። እስከዚህ እንደተባለው ነው።

ከዚያ ቀኝ ክንዱ ተነሳ።

እሱ አላነሳውም። ራሱ ነው የተነሳው። ፊቱ ክርኑ ውስጥ ገባ፣ ትከሻው ዞረ፣ ለካሜራው ጀርባውን ሰጥቶ ጭቃው ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። ሲደፋ ነው ያደረገውን ያወቀው። ሟች ነውና መነሳት አይችልም፤ ጭቃውን እየቀመሰ «ካት፣ ይበቃል» እስኪባል ተኝቶ ጠበቀ።

ሲነሳ ሄሚ እንኳ አልሳቀም። ሎፔቲ ራዊሪን ፈልጎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ አለው። ራዊሪ ሄዶ ከዳይሬክተሩ ጋር ቆየ። ሲመለስ ካፊያው ወደ ዝናብ ተቀይሮ፣ ካሜራዎቹን ሸራ እያለበሱ ነበር።

«ሰውዬው በጣም ወዶታል» አለው ራዊሪ ቀስ ብሎ። «ሞቱን ከጓደኞቹ የሚደብቅ ሰው ይመስላል አለ። የዛሬው ምርጥ ሞት ያንተ ነው አለኝ። አይደግሙትም፣ ወንድሜ።»

«ፊቴ ግን...»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስተማርኩህ።»

ማምሻውን፣ ቀረፃው ሁሉ ሲያበቃ፣ ራዊሪ እንደ ሁልጊዜው ሟቾቹን በክብ አቁሞ፣ የውሸት ሞት ማንንም ተከትሎ ቤቱ እንዳይገባ በማኦሪ ቋንቋ ጸለየ፤ ውሃም ረጨባቸው። ሎፔቲ አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። ፊቱ እንዳልታየ ለቪካ አልነገራትም። ምን ይላታል?

ወራት አለፉ፣ የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ቅዳሜ ደረሰ። የአናሴኒ ሻንጣ በገመድ ታስሮ በረንዳው ላይ ቆሟል። ሳሎን ውስጥ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ቪካ በአንድ እጇ ትራሱን፣ በሌላው ፎቶ የምታነሳበትን ስልኳን ይዛ ተዘጋጅታለች። ሎፔቲ ጓዳ ገብቶ የተቀቀለ ጎደሬ ይልጣል። ምድጃው ላይ የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተትና በቆርቆሮ ሥጋ ይበስላል። በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው።

ጥሩምባው ሲነፋ ሰማ። ያን ጥሩምባ ያውቀዋል። ቢላውን አስቀመጠ። አሁን ነው፣ አለ በልቡ። ገብቶ፣ እህቴ ሆይ አትፈልጊኝ፣ ጀርባውን የሰጠው እኔ ነኝ ሊል አይችልም፤ እሷ ቴሌቪዥን እያየች እንዴት ይገባል? እጁን በፎጣ እየጠረገ ቆመ።

«እትዬ፣ አሁን ነው መሰለኝ፣ ልብ ብለው ይዩ» አለች ቪካ። ሰይፍ ተፋጨ፣ ሰው ጮኸ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «አለፈ እንዴ? እኔ አላየሁትም። ስልኩን ስነካካ አመለጠኝ ይሆን? እትዬ፣ እርስዎ አዩት?» አለች።

ሎፔቲ ወደ መጋረጃው ጠጋ አለ።

«አየሁት» አለች አናሴኒ። ድምፅዋን ከወትሮው ከፍ አድርጋ ነበር፤ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው የሚሆን ድምፅ አይደለም። «ያ ጦሩን በደረቱ ተቀብሎ ፊቱን የደበቀው ነው።»

«ያኛውማ ፊቱ አልታየም እኮ።»

«ለዛ ነው ያወቅሁት። ልጅ ሆኖ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ክንዱ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ገፍቶት ነበር። ሮጬ ስደርስ እንባውን እንዳላይበት በደህናው ክንዱ ፊቱን ሸፍኖ ተኝቷል። እስከ ሐኪሙ ድረስ እንደዚያው ተሸክሜው ሄድኩ። ያን አወዳደቅ ልረሳው ነው? ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከግንቡ የተወረወረው እሱ ነው፤ ፈረሱ የረገጠው እሱ ነው፤ በር ላይ የተቃጠለውም። ብረት ራሱ ላይ ደፍቶ በዚያ ላይ ደግሞ በክንዱ ፊቱን የሚከልል ሰው ሌላ ማን አለ? የተሸፈነ ፊት ይሸፈናል?»

ቪካ ሳቋ አመለጣት። «ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ?»

«ፊቴ ይታያል ብሎ ልኮብኝ ነዋ። ከዚያ ወዲህ እንዳይታይ ስጸልይ ነው የኖርኩት። ያን ፊት ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ ቪካ። ሲሞት ቁጭ ብዬ ላየው ነው? ጀርባውን ሲሰጠኝ ጊዜ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። በይ ለሚመለከተው ሰው ይኼንን ንገሪልኝ።»

መጋረጃው አልተነቃነቀም። ከወዲያኛው በኩል ግን የሚመለከተው ሰው ቆሞ፣ ያንኑ ቀኝ ክንዱን አንስቶ፣ ፊቱን ክርኑ ውስጥ ቀብሮ ነበር።

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰይፉም፣ ጩኸቱም፣ ጥሩምባውም ባንዴ ጠፋ።

«ውይ፣ እትዬ፣ ለምን አጠፉት? ገና ግማሹ አለ። መሪያቸው ምን እንደሚሆን ሳናይ?»

«ምን ይሆናል፣ ያልቃሉ እንጂ» አለች አናሴኒ። «ቴሌቪዥኑ በርቶ ወንድሜ እንዴት ገብቶ ይብላ? ጎደሬው እየቀዘቀዘ ነው፣ ጥሪው።»

ሎፔቲ ፊቱን ታጥቦ፣ ትልቁን ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። አንገቱን ደፋ አድርጎ መጀመሪያ ለእህቱ አቀረበላት። እሷም ከመሃል የተሻለውን ቁራጭ አንስታ፣ በራሷ እጅ ወደ እሱ ሳህን አሻገረችው። በዚያ ቤት ደንብ እህት ለወንድሟ እንዲህ አታደርግም፤ ቪካ አየች፣ እንዳላየች ሆነች። ስለ ጎደሬው፣ ስለ አውሮፕላኑ ሰዓት፣ ቫቫኡ ላይ ስለታደሰው ጣሪያ እያወሩ በሉ። ስለ ሞት ማንም አላነሳም።

የአማፂዎቹን መጨረሻ ቪካ በማግስቱ ብቻዋን ሆና ሳታየው አልቀረችም፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሎፔቲና አናሴኒ ግን እስከ ዛሬ አላዩትም፤ አንዳቸውም አልጠየቋት።