አሥራ ዘጠነኛው ብርጭቆ

ሐሙስ ቀን ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሰዓቱ የሚታወሰው፣ ጥበቃው የፕሮዲዩሰሩን ነጭ መኪና ማጠብ ሲጀምር ተዋናይቷ በመስኮት አይታ የእጅ ሰዓቷን ስለተመለከተች ነው። በዚያ የቴሌቪዥን ድራማ ያ መኪና ሲታጠብ ደስ የሚለው ሰው የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ገጸ ባሕርያት ተሰናብተዋል፤ አራቱም በመኪና ተገጭተው፣ አራቱም በዚሁ ነጭ መኪና። ፕሮዲዩሰሩ ሌላ መኪና አልነበረውም።

«ለቅዳሜው ቀረጻ ነው?» አለቻት የምትኳኩላትን ልጅ።

«አቧራ ይዞት ይሆናል» አለች ልጅቷ። የመለሰችው ግን ለቅንድቧ ነው እንጂ ለእሷ አይመስልም ነበር።

ተዋናይቷን ሁሉም «እንቁላሌ» ይላታል። ስሙን ያወጣችው እናቷ ናት። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ደውላ «እንቁላሌ፣ በልተሻል?» ስትል ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ኖሮ ሠራተኛው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት እንቁላሌ ሆና ቀረች። ስሙ አልበዛባትም። እውነትም እንደ እንቁላል ተይዛ ነው ያደገችው፦ አንድ ልጅ፣ ረጅም አጥር፣ ቤት ድረስ የሚመጣ አስተማሪ፣ በመስኮት የሚታይ ዝናብ።

በድራማው የምትጫወተውም ያንኑ ነው። የባለፋብሪካው ልጅ ናት፤ ከግቢ ሳትወጣ አድጋ ሰውን ሁሉ የምትወድ። ችግሩ ተመልካቹ እሷን መውደድ አቃተው። አንዱ ደውሎ «ያቺን ልጅ ባየሁ ቁጥር ስኳሬ ይነሣል» ብሏል። ስለዚህ ደራሲው በዚያ ጠዋት ሁለት ጽሑፍ በቦርሳው ይዞ መጣ። በአንደኛው ልጅቷ ትቀጥላለች። በሁለተኛው መንገድ ስትሻገር ወደ ግራ ማየት ትረሳለች። የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው የዛሬው ትዕይንት ነው።

ትዕይንቱ አጭር ነው። የባለፋብሪካው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሾፌሯ ቤት ትሄዳለች። የሾፌሩ እናት ሻይ ትሰጣታለች። ትጠጣለች። አለቀ።

«ደግ ናት» አላት ዳይሬክተሩ። «ግን ውስጧ የሆነ ነገር አለ፤ እሷም አታውቀውም። እሱን ነው ማየት የምፈልገው።»

«እኔ ይቺን ልጅ አውቃታለሁ። እኔም እንደ እሷ ነው ያደግኩት። ውስጧ ምንም የለም።»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አለ ደራሲው ከጥግ፣ ቦርሳውን ታቅፎ።

ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀረጻ አፍንጫዋን ሰበሰበች። ዳይሬክተሩ «የሞተ አይጥ ሸተተሽ?» አላት። በሁለተኛው ወንበሩን በመሐረብ ጠርጋ ተቀመጠች። ደራሲው በረጅሙ ተነፈሰ። በአምስተኛው ዓይኗን ወደ ጣሪያው ስትልክ ካሜራማኑ የሚያፈስ ነገር ያለ መስሎት ቀና አለ። በዘጠነኛው ከንፈሯን ነክሳ በሐዘን ስትመለከት ጥርሷን ያመማት መሰለች። የሾፌሩን እናት ሆና በየቀረጻው ሻዩን የምታቀብላት ነባር ተዋናይት አሥራ አንደኛውን ብርጭቆ ሰጥታ ስትጨርስ ትሪውን አስቀመጠችና «ልጄ፣ እኔ የሳሙና ማስታወቂያ አለብኝ» ብላ ወጣች። ተከትሏት የሄደ የለም።

እረፍት ሆነ። ውጪ ጥበቃው ወደ መኪናው ጎማ ደርሷል።

እታለም ሻይ ይዛ ገባች። እታለም የስቱዲዮው ሻይ አፍይ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጠርዙ የተጎረበጠ ትሪዋ ከእጇ የማይለይ፣ ማን ስንት ስኳር እንደሚወስድ በቃሏ የምታውቅ። ዳይሬክተሩን ሳይቀር «አንተ ልጅ» ትለዋለች። ለሁሉም አድላ ስታበቃ ወደ እንቁላሌ ሄደች። እንቁላሌ ጽሑፉ ላይ እንዳቀረቀረች፣

«ተባረኪ፣ ይረፍ» አለቻት።

እታለም ብርጭቆውን አጠገቧ ያለው ሣጥን ላይ አስቀምጣ ሄደች። ጥቂት ቆይታ እንቁላሌ አንሥታ ጠጣች።

ካሜራማኑ ሲጋራ ሊያጨስ ሲሮጥ ካሜራውን አላጠፋም ነበር።

ዳይሬክተሩ በስክሪኑ ላይ ሁለት ጊዜ አየው። ሦስተኛውን እንቁላሌን ጠርቶ አሳያት።

«ይሄንን ሥሪልኝ።»

«ምን አደረግኩ?»

«እንደገና እዪው።»

እንደገና አየች። አንዲት ሴት ብርጭቆ ትዘረጋለች። ሌላዋ በፈገግታ ትመርቃታለች፤ እጇን ግን ከጭኗ አታነሣም። የተዘረጋው ብርጭቆ ጥቂት አየር ላይ ይቆይና ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። እንቁላሌ ማብራሪያ ነበራት። እሷ ሻይ በረድ ሲልላት ነው የምትወደው። አፏን ከከፈተች በኋላ ግን ትንሿ ጠረጴዛ ትዝ አለቻት።

ጠረጴዛዋ እናቷ ቤት በር አጠገብ ነበረች። ከውጪ የመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይቀመጣል፦ ዳቦው፣ ደብዳቤው፣ የአስተማሪው መጽሐፍ። «ይረፍ» ትላለች እናቷ፤ ካረፈ በኋላ ይነሣል። ልጅ ሳለች ዕቃ መንገድ የሚያደክመው ይመስላት ነበር። ለዳቦው አዝናለት፣ ጨርቅ አልብሳው ታውቃለች። የሚያስፈራው መንገዱ ሳይሆን ያመጣው እጅ መሆኑን ማንም አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም። አባቷ ከሥራ ይዞት የመጣው ነገር ግን አርፎ አያውቅም፤ በቀጥታ ከእጁ ነበር የምትነጥቀው። ነባሯ ተዋናይት ያቀበለቻትን አሥራ አንድ ብርጭቆም ከእጅ ነው የተቀበለችው።

ለእታለም የልጅ ልጅ ጫማ ገዝታ ታውቃለች፤ የምትወደውን ሹራብ ሰጥታታለች። ጫማውን የት እንዳስቀመጠችላት ለማስታወስ ሞከረች። ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሹራቡም።

«እናትየውን እታለም ትሥራት» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔ?» አለች እታለም። «ምን ልል?»

«ምንም አትይም። ሻይ መስጠት ነው።»

«ሃያ ዓመት ተለማምጄበታለሁ።»

የሾፌሩን እናት ነጠላ አለበሷትና አሥራ ሁለተኛው ተጀመረ። እታለም መጣች፤ ብርጭቆውን ዘረጋች። እንቁላሌም ከወንበሯ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻት።

«ከት! አትቀበያትም እኮ።»

በአሥራ ሦስተኛው በአንድ እጇ ተቀበለች። በአሥራ አራተኛው እጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛው ነበር፤ ብርጭቆው ሲመጣ አመለጣት። በአሥራ ስድስተኛው ብርጭቆውን ብቻ ሳይሆን የእታለምን እጅ ጭምር ያዘች፤ ሻዩ ሁለቱም ላይ ፈሰሰ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይታ ዛሬ ብትቀበለኝ፣ ዛሬ ተቆጣችኋት» አለች እታለም፣ እጇን በነጠላው ጫፍ እየጠረገች።

ሳቁ። እንቁላሌ አልሳቀችም። አሥራ ስምንተኛው ሲበላሽ ደራሲው የቦርሳውን ዚፕ ከፈተ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ጥበቃው ውጪ መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«አልችልም» አለች እንቁላሌ። «አሁን አውቄዋለሁ፤ አልችልም።»

እታለም ትሪዋን እንደያዘች ተጠጋቻት።

«እሜቴ፣ ላስታውስሽ?»

«ምኑን?»

«አደራረግሽን ነዋ። መጀመሪያ እኔን አታዪኝም፤ ትሪውን ነው የምታዪው። ከዚያ ገና ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ትመርቂኛለሽ፣ እንዳልጠጋ። ፈገግታሽ ጥሩ ነው፤ እሱን አትንኪው። እጅሽ ጭንሽ ላይ፣ ግራው ከቀኙ በላይ። ካስቀመጥኩ በኋላ እስክዞር ትጠብቂያለሽ። ስታነሺው ደግሞ እኔ የያዝኩት ጋ አይደለም፤ ከታች ነው የምትይዢው፣ በሁለት ጣት።»

የመብራቱ ሠራተኛ ያልተፈታ ገመድ መፍታት ጀመረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄን የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሻይሽ ይቀዘቅዛል ብዬ?» እታለም ቦታዋ ተመለሰች። «በይ አሁን ሥሪው። በዚያ ጭቃማ መንገድ መኪና ሲገጭሽ ማየት አልፈልግም፤ ይሄን ሁሉ ታጥቦ ያቆሽሹታል።»

አሥራ ዘጠነኛው። እንቁላሌ ትሪውን አየች። ሁለት እርምጃ ሲቀር መረቀች። ግራ እጇን ከቀኟ በላይ አድርጋ ፈገግ አለች። እታለምም ብርጭቆውን እንደዘረጋች ያልታዘዘችውን አደረገች፤ እሷም መልሳ ፈገግ አለችላት፣ ተማሪው በትክክል እንዳነበበለት አስተማሪ። ብርጭቆው ጥቂት አየር ላይ ቆየና ወረደ። እታለም ዞረች። ሁለት ጣት ብርጭቆውን ከታች ያዘው።

ዳይሬክተሩ «ከት» ማለት ረስቶ ቆየ። ደራሲው ዚፑን ዘጋ። ከዚያ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ካሜራማኑ «እንዴት አሰብሽው?» ብሎ ጠየቃት፤ እታለም ስታስታውሳት እሱ ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቶ ነበር።

ሰው ሲበታተን እንቁላሌ ወደ እታለም ሄዳ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እስቲ ሻይ ስጪኝ።»

«አልቋል» አለች እታለም። «አሥራ ዘጠኝ ብርጭቆ ጨርሳችሁ፣ አሁን ከየት ላምጣ? ነገ።» የእንቁላሌ እጅ እንደተዘረጋ መቅረቱን አይታ ባዶውን ትሪ አስያዘቻት። «ይልቅ ይሄን ያዢልኝ።»

እታለም በየመስኮቱና በየሣጥኑ ላይ የቀሩትን ብርጭቆዎች ስትለቅም እንቁላሌ ትሪውን ይዛ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት። በየመሐሉ «አስተካክለሽ ያዢው እንጂ» ትባል ነበር።

ነጩ መኪና ቅዳሜ የገጨው ሾፌሩን ነው። እናቱ በሐዘንተኛነት ቀጠለች፤ እታለም በሠላሳ አንድ ክፍል ተጫወተች፣ ሻይ ማፍላቷንም አላቆመችም። እታለም ራሷ በሦስተኛው ዓመት ሞተች። ልጆቿ ለቀብሯ ፎቶ ሲፈልጉ የመታወቂያዋ ላይ ተቆጥታ አገኟት፤ በድራማውም ከዚያ ሐሙስ በቀር ፈገግ ያለችበት ክፍል አልነበረም። ያንኑ ምስል ፎቶ ቤት ወስደው አሳተሙት። ብርጭቆ ይዛ እጇን ዘርግታለች። እስከ መቃብሩ ድረስ ፎቶውን የያዘችው እንቁላሌ ናት። በቀኝ ጠርዙ፣ ፎቶ አንሺው ቆርጦ ሊያወጣው ያልቻለ፣ ጭን ላይ የተቀመጠ የሰው እጅ ይታያል፤ ግራው ከቀኙ በላይ።